የሥራ ልምድ ከየት ይመጣል? ከኢብን ሲና ወጣትነት የተማርኩት



ባለፈው ወር አንድ የሰፈራችን ልጅ ወደ ሱቄ መጣ። በሂሳብ አያያዝ ተመርቋል። የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ ስድስት ወር እንዳለፈው፣ አብዛኛው ማስታወቂያ ቢያንስ የሁለት ዓመት ልምድ እንደሚጠይቅ አጫወተኝና የሱቄን ሂሳብ እንዲይዝ እንድፈቅድለት ለመነኝ። እኔም ሳላስበው ከዚህ ቀደም የት እንደሠራ ጠየቅሁት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ማታ ነገሩ ከነከነኝ። ሁላችንም ልምድ የምንጠይቅ ከሆነ ልምዱን የሚሰጠው ማን ነው?

ይህን ሳወጣና ሳወርድ የኢብን ሲና ሕይወት ትዝ አለኝ። ስሙን ሁላችንም እናውቃለን፤ የመጀመሪያ ሥራውን እንዴት እንዳገኘ ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም።

አቡ ዐሊ ኢብን ሲና በ370 ዓመተ ሂጅራ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ980፣ ዛሬ ኡዝቤኪስታን በምትባለው አገር፣ በቡኻራ አቅራቢያ ተወለደ። አባቱ የሳማኒዶች መንግሥት ሹም ነበሩ። በ10 ዓመቱ ቁርኣንን አጠናቀቀ። ፊቅህን ከዓሊም ተማረ፤ የህንድን የቁጥር ስሌት እንዲማር ግን አባቱ የላኩት አትክልት ከሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ ነበር። ሰውየው ሂሳቡን በየቀኑ በገበያ ይሠራበት ነበርና እውቀቱ ከእጁ አይጠፋም ነበር። ልብ በሉ፣ የዘመኑ ትልቅ አእምሮ ከሱቅ ተምሯል።

ቀጥሎ ወደ ሕክምና መጻሕፍት ዞረ። በ16 ዓመቱ ገደማ በዕድሜ የበለጡት ሐኪሞች ሳይቀሩ ከእርሱ ዘንድ ይማሩ ነበር። ነገር ግን በመጽሐፍ ብቻ አልቆመም። ማንም ሹመት ሳይሰጠው በሽተኞችን ማከም ጀመረ። በኋላ ለተማሪው ለአልጁዝጃኒ ሕይወቱን ሲተርክለት፣ በሽተኛን በማከም የሚገኘው የመድኃኒት እውቀት በቃል ሊገለጽ የማይችል እንደሆነ መስክሯል። ልምድን ያገኘው ሥራ ከመቀጠሩ በፊት ነው ማለት ነው።

በዚህ መካከል የቡኻራው ገዢ ኑሕ ኢብን መንሱር ሐኪሞቹን ግራ ባጋባ ሕመም ወደቀ። ኢብን ሲና ያኔ ከ18 ዓመት አልዘለለም። ማን አስጠራው? ሐኪሞቹ ራሳቸው ናቸው። የወጣቱን ትጋት ያውቁ ስለነበር ስሙን ለገዢው አነሱለት፤ እርሱም መጥቶ ከእነርሱ ጋር አብሮ አከመ። በዚያው በቤተ መንግሥት አገልግሎት ገባ፤ ወደ ገዢው ቤተ መጻሕፍት እንዲገባም ተፈቀደለት። እነዚያ አንጋፋዎች እንጀራችንን ይነጥቀናል ብለው ስሙን ቢደብቁት ኖሮ በሩ መቼ ይከፈትለት እንደነበር አላህ ያውቃል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ኢብን ሲና በወጣትነቱ የአባት ቤት ነበረው፤ ዳቦ አላሳሰበውም። በ22 ዓመቱ አባቱ ሲሞቱ እርሱም የመንግሥት ሥራ ያዘ። ብዙም ሳይቆይ ኑሮ አስገድዶት ቡኻራን ለቀቀ። በጉርጋንጅ የፊቅህ ሰዎችን ልብስ ለብሶ በገዢው ፊት ቀረበ፤ ለኑሮው የሚበቃ ወርሃዊ ደመወዝም ተቆረጠለት። ከዚያም ከከተማ ወደ ከተማ ተንከራተተ። በጁርጃን ሊያገኘው ያሰበው ገዢ ቃቡስ ሳይደርስበት ተይዞ ታሰረና ሞተ። በዚያች ከተማ አንድ እውቀት ወዳድ ሰው ከጎረቤቱ ቤት ገዝቶ አስቀመጠው፤ እያስተማረ ታላቁን የሕክምና መጽሐፉን አልቃኑንን የጀመረው እዚያ ነው። በሐመዳን ገዢውን ሸምሰ ደውላን ከሆድ ቁርጠት አክሞ እስከ ሚኒስትርነት ደረሰ። በ428 ሂጅራ (1037) በዚያችው ከተማ ሞተ። አልቃኑን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ተምረውበታል።

ከዚህ ሁለት ነገር ተረዳሁ። ለተመራቂ ወንድሞችና እህቶች፦ ደብዳቤ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ አያዋጣም። ሂሳብ የተማረ የጎረቤቱን ሱቅ መዝገብ ያስተካክል፤ ሥራው ይታይ፣ ስሙም ይነሳ። ለእኛ ሱቅና ቢሮ ላለን ደግሞ፦ ስሙን ማንሳትና አጠገባችን ማሠራት የእኛ ፋንታ ነው። ልምድ ይማርበታል በሚል ሰበብ ግን ላቡን በነጻ መብላት አይገባም። ሁሉም ልጅ የኢብን ሲናን አባት የመሰለ አባት የለውም።

በማግሥቱ ልጁን አስጠራሁት። ያለፈውን ዓመት ደረሰኞች አስረከብኩት፤ አቅሜ የፈቀደውን ክፍያም ተስማማን። በሦስተኛው ቀን ሁለት ጊዜ የከፈልኩትን አንድ ሂሳብ አገኘልኝ። ልምድ የለውም ብዬ የመለስኩት ልጅ ነው። ሥራውን ሲጨርስ የሠራውን ዘርዝሬ በማኅተም አረጋግጬ እሰጠዋለሁ፤ ቀጣዩ ቀጣሪ የት ሠራህ ሲለው መልስ ይኖረዋል፣ ኢንሻአላህ።

እናንተስ ዘንድ የመጣውን ልጅ ምን ብላችሁ መለሳችሁት? አላህ ለልጆቻችን የሪዝቅ በር የምንከፍት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።