ጎጀብን ከዓባይ ጋር ያገናኘው ፈረንጅ

ባለፈው ክረምት ደካ ዘመዶቼ ጋ ነበርኩ። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ ጂኦግራፊ ማስጠናት ጀመርኩ። የተመረቅኩት በኢኮኖሚክስ ነው፤ ግን ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ካርታ ማስረዳት ምን ይከብዳል ብዬ ነው። ከበደኝ።

ልጆቹ የጎረቤት አገሮችን ስም ከነዋና ከተማቸው እንደ ውኃ ጠጥተውታል። ኬንያ ናይሮቢ፣ ሱዳን ካርቱም እያሉ በዜማ ይወርዱታል። በዚህ ተደስቼ ከጅማ ወደ ቦንጋ ሲመጣ በድልድይ የምንሻገረው ጎጀብ መጨረሻው የት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሁሉም ዝም አሉ። ቆይቶ አንድ ልጅ እጁን አወጣና ዓባይ ውስጥ ይገባል አለ። ጓደኞቹ ሳቁበት። እኔም አብሬ ሳቅኩና ተሳስተሃል ብዬው አለፍኩ። ልጁ በዚያን ቀን ደግሞ እጁን አላወጣም።

ማታ ኔትወርክ ሲመለስ የጎጀብን ነገር ስልኬ ላይ ሳገላብጥ አንድ ስም አገኘሁ፦ አንትዋን ዳባዲ። ይህ ሰው ልጁ የሰጠውን ዓይነት መልስ የዛሬ 180 ዓመት ገደማ ለአውሮፓ ምሁራን የሰጠ ነው። ያውም በዘመኑ ስለ ኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ከሱ በላይ የለካ ፈረንጅ አልነበረም። ታሪኩን እስቲ አብረን እንየው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳባዲ በ1810 ደብሊን፣ አየርላንድ ተወለደ። አባቱ የፈረንሳይ ባስክ፣ እናቱ አየርላንዳዊት ናቸው። ልጅ እያለ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ባስኮች የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው፣ በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር ላይ የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ዳባዲም ቋንቋውን እስከ ዕለተ ሞቱ ሲያስከብር የኖረ ሰው ነው። ሀገራችን መጥቶ ለቋንቋዎቻችን ያን ያህል ጆሮ የሰጠው በዚህም ይመስለኛል።

በ1838 ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምፅዋ ወረደ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ወንድሙ አርኖ ከጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ጋር ወዳጅነት መሥርቶ ዘመቻ ውስጥ ሲገባ፣ አንትዋን መሣሪያውን ተሸክሞ ተራራ ለተራራ ይዞር ጀመር። ሁለቱ ወንድማማቾች አሥር ዓመት ያህል ቆዩ።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይወጣል፤ ቴዎዶላይት የሚባለውን የማዕዘን መለኪያ ይተክላል፤ በዓይኑ የሚታየውን እያንዳንዱን ተራራ አቅጣጫ ይመዘግባል። ከዚያ ሌላ ተራራ ላይ ወጥቶ ያንኑ ይደግማል። ሁለት ቦታ ላይ ሆነህ አንድን ጫፍ ካየኸው፣ መስመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ የተራራው ቦታ ነው። ዛሬ ስልካችሁ በሳተላይት በሰከንዶች የሚነግራችሁን፣ ሰውዬው በሺዎች የሚቆጠሩ ልኬቶችን እየመዘገበ ነው ያገኘው። የተራራና የመንደሩን ስም ደግሞ ከባላገርና ከነጋዴ ነው የሚጠይቀው። ለአንዱ የጠየቀውን ለሌላውም እየጠየቀ ያስተያያል።

ካፋ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚገባበት አልነበረም። የካፋ መንግሥት ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በአጥር አጥሮ፣ በር ላይ ጠባቂ አቁሞ የሚኖር ነበር። እንግዳ ያለ ፈቃድ አያልፍም። በዚያን ጊዜ በሊሙ እናርያ የነገሠው አባ ባጊቦ ከካፋ ንጉሥ ቤተሰብ ሙሽራ ሊያስመጣ መልእክተኞች ይልካል። ዳባዲም በ1843 ከነሱ ጋር ተቀላቅሎ ጎጀብን ተሻገረና ቦንጋ ገባ። በአጭሩ፣ ለካፋ ካርታ የሠራው ጂኦግራፈር አገሩን ያየው በሠርግ አጃቢነት ነው። የቆየውም ለጥቂት ቀናት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ስህተቱ የሚመጣው። በዚያን ዘመን የነጭ ዓባይ ምንጭ የት ነው የሚለው የአውሮፓ ጂኦግራፈሮች ትልቁ ጥያቄ ነበር። ዳባዲ ጎጀብና ግቤ ተገናኝተው ኦሞ የሚባለውን ትልቅ ወንዝ እንደሚሠሩ አወቀ። ይህ ትክክል ነው። ኦሞ ከደጋው ወደ ቆላ ከወረደ በኋላ የት እንደሚደርስ ግን አላየም። ወንዙ ዞሮ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል ብሎ ገመተ። በ1846 መጀመሪያ ከወንድሙ ጋር እናርያ ውስጥ የግቤ ምንጭ ጋ ደርሶ የነጭ ዓባይን ምንጭ አገኘሁ አለ።

ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ ግን አልተቀበለውም። ቢክ ራሱ ጎጃም ውስጥ የቆየ ሰው ነው። ግምቱን ብቻ ሳይሆን ዳባዲ ካፋ መግባቱንም እጠራጠራለሁ ብሎ በ1850 ጽሑፍ አወጣ። የፓሪስ ጂኦግራፊ ማኅበር የሸለመውን የወርቅ ሜዳሊያ ሳይቀር መለሰላቸው። አስቡት፦ ለዓመታት ተራራ ስትወጣ ኖረህ፣ አገርህ ስትገባ ውሸታም ነህ ስትባል።

ዳባዲ የመለሰው በቁጥር ነው። የለካቸውን ማዕዘኖች፣ የቆመባቸውን ቦታዎችና ስሌቱን ሁሉ የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ በሚል መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ፤ በ1873 ተጠናቀቀ። የፈለገ ሰው ቁጥሩን ወስዶ ራሱ እንዲያሰላ ማለት ነው። በ1881 ደግሞ 15,000 ያህል ቃላት የያዘ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸው ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ዛሬ ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው። እነሱ ለምን እዚያ ሆኑ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። በባስክ የባሕር ዳርቻ ያሠራው ቤተ መንግሥት የሚመስል ቤቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ በፊደላችን የተጻፉ ጽሑፎች አሉ።

ወንዙስ? ጥያቄው ቀስ በቀስ ተፈታ። በ1862 ስፒክ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ አየ። በ1888 ቴሌኪና ፎን ሆህኔል ቱርካና ሐይቅ ደረሱ። በ1896 ደግሞ የጣሊያኑ ቦቴጎ ቡድን ኦሞን ተከትሎ ወርዶ እዚያው ሐይቅ ውስጥ ሲገባ አረጋገጠ። ቱርካና መውጫ የለውም። የጎጀብ ውኃ ጉዞውን የሚጨርሰው እዚያ ነው። ዳባዲ በመጋቢት 1897፣ በ87 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሞተ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማረከና ዳባዲ በሠርግ ሰበብ የገባበት መንግሥት አበቃ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የእኛ አካባቢ የወንዞች ካርታ ላይ ቆየሁ። ያኔ ነው የበለጠ ያፈርኩት። ከካፋ ደጋ የሚወርደው ውኃ ሁሉ ወደ ኦሞ አይሄድም። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ወደ ባሮ ተፋሰስ ይገባል፤ ባሮ ሶባትን ይሆናል፤ ሶባት ደቡብ ሱዳን ውስጥ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። አንድ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል ማለት ነው፦ ግማሹ ቱርካና፣ ግማሹ ሜዲትራንያን። ልጁ ስለ ጎጀብ ተሳስቷል፤ ስለ ካፋ ውኃ ግን ግማሽ እውነት ነበረው። እኔ ደግሞ ለምን እንዲህ እንዳለ እንኳን አልጠየቅኩትም።

በማግስቱ ልጁን በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት። የፓሪስ ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት እስከ መሆን የደረሰ ሰው እንደሱ እንደመለሰ ስነግራቸው ማመን አቃታቸው። ከዚያ የስማቸውን ዝርዝር ትተን ወጣን። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከቤቱ ጓሮ የሚወርደውን ጅረት እየተከተልን የት እንደሚገባ አየን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንደሩ ውስጥ ያገኘናቸውን አባቶች ጠየቅን። ልጆቹ በካፊኖኖ ይጠይቃሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሁለት ሰዎች የተለያየ መልስ ሲሰጡ ሦስተኛ ጠየቅን። ማታ ስልኬ ላይ ካለው ካርታ ጋር አስተያየን። ጎጀብ ኦሞን ከተቀላቀለ በኋላ ውኃው ግቤ ሦስት ግድብ ጋ እንደሚደርስና 1,870 ሜጋ ዋት ማመንጨት ከሚችለው ከዚህ ግድብ መብራት እንደምናገኝ ስነግራቸው፣ አንዷ ስልኬ ቻርጅ ላይ መሆኑን አየት አደረገችና ሳቀች።

የካፒታል ከተሞች ዜማ መጥፎ ነው አልልም፤ ፈተና ላይ ይመጣል። ግን ልጅ ካርቱምን ከማወቁ በፊት ከደጁ የሚወርደው ውኃ ካርቱም ይደርስ እንደሆነ መጠየቅ ይችላል። ዳባዲ የተሳሳተው ያላየውን ስለገመተ ነው። የሚከበረው ደግሞ ሌላ ሰው መጥቶ እንዲያርመው ያየውንና የለካውን በሙሉ ጽፎ ስለተወ ነው።

ልጁ አሁን እጁን ያወጣል። አንዳንዴ ይሳሳታል። ለምን እንዲህ አልክ ብዬ እጠይቀዋለሁ።