አርቺባልድ ሊች፤ ከፋብሪካ ሥራ እስከ ኳስ ሜዳ

በየዓመቱ በምናወጣው በዚህ መጽሔት የአንድ ታዋቂ ሰው ታሪክ ማቅረብ የተለመደ ነው። ዘንድሮ የመረጥነው ስኮትላንዳዊውን መሐንዲስ አርቺባልድ ሊችን ነው። ስሙን የማያውቅ ይበዛል። ልጆቻችን ቅዳሜና እሑድ ሻይ ቤት ሞልተው የሚጨቃጨቁባቸውን ክለቦች ግን የማያውቅ የለም። አርሰናል፣ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ሊቨርፑል፣ ቼልሲ፣ ኤቨርተን፣ ቶተንሃም፣ አስቶን ቪላ፣ ፉልሃም፣ እነዚህ ሁሉ ሜዳቸውን ወይም ትልቁን ጥላ ፎቃቸውን ያሠሩት በዚህ በአንድ ሰው ንድፍ ነበር። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩን ለኳስ ወዳጆች በተውነው ነበር። ነገር ግን በሰውየው ሕይወት ውስጥ እኛን እድርተኞችን የሚመለከት ከባድ ነገር አለ፤ ይኸውም በሠራው ሥራ ላይ የሰው ሕይወት መጥፋቱና ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ሊች የተወለደው ሚያዝያ ወር 1865 በግላስጎ ከተማ ነው። ግላስጎ በዚያን ጊዜ የመርከብ፣ የባቡርና የብረታ ብረት ከተማ ነበረች። ጭሱና የመዶሻው ድምፅ ሌሊትም አያርፍም ነበር ይባላል። በእንዲህ ያለ ከተማ ያደገ ልጅ ብረት ቢወድ አያስገርምም። ሊች በሙያው አርክቴክት አልነበረም፤ መሐንዲስ ነበር። ማሽን ከሚሠራ ፋብሪካ ገብቶ ሥራ ተማረ፣ በመርከብ ላይም በመሐንዲስነት አገለገለ፣ ከዚያም ተመልሶ በንድፍ ሥራ ላይ ቆየና በ1890ዎቹ መጨረሻ ላይ በግላስጎ የራሱን ቢሮ ከፈተ።

ሥራው ፋብሪካና መጋዘን መንደፍ ነበር። እስከ ሴይሎን ድረስ፣ ማለት ዛሬ ስሪላንካ የምንላት አገር፣ ዴልቶታ በሚባል ቦታ የሻይ ፋብሪካዎች ነድፏል። የሻይ ፋብሪካ እንዲሁ ቤት ብቻ አይደለም። የተለቀመው ቅጠል በላይኛው ፎቅ ተሰጥቶ ንፋስ እያገኘ መጠውለግ አለበት፤ ከዚያ ወደ ታች ወርዶ ይታሻል፣ ይደርቃል። ስለዚህ መሐንዲሱ ስለ ጌጡ ሳይሆን ስለ መስኮቱ፣ ስለ ወለሉ ጥንካሬና ስለ ሰውና ዕቃ መተላለፊያ ነው የሚጨነቀው። ይህ ልማድ ከሊች ጋር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አብሮት ኖሯል።

ከፋብሪካዎቹ በአገሩ ተርፎ የሚገኘው በግላስጎ ፖልማዲ ሠፈር የሚገኘው የሴንቲነል ፋብሪካ ሕንፃ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አሌይና ማክሌላን ለሚባል ኩባንያ የተሠራ ሲሆን፣ በስኮትላንድ በአርማታ ከቆሙት የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች አንዱ ነው። ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ በአርማታ ሆኖ ስናየው ቀላል ይመስለናል፤ በዚያን ጊዜ ግን ፌሮ በሲሚንቶ ውስጥ ቀብሮ ፎቅ ማቆም ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ሕንፃው አሁን በስኮትላንድ ከፍተኛው የቅርስ ጥበቃ ደረጃ ተሰጥቶታል። እግረ መንገዳችንን ለማንሳት ያህል፣ ይኸው ኩባንያ ቀደም ብሎ በ1899 ለኒያሳ ሐይቅ የሚሆን የእንፋሎት መርከብ ሠርቶ፣ መርከቡ እንደ ዕቃ ተፈታቶ በሺህ የሚቆጠር ጥቅል ሆኖ ወደ አፍሪካችን ተጭኗል። ሐይቁ ዳር ደርሶ እንደገና ተገጣጥሟል!

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሊች ከልጅነቱ የሬንጀርስ ክለብ ደጋፊ ነበር። ክለቡ በ1899 አይብሮክስ በሚባለው ቦታ አዲስ ሜዳ ሲያሠራ ንድፉን ለእርሱ ሰጠው። ደስታው ምን ያህል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። በምዕራብ በኩል ላለው ቋሚ ተመልካች የብረት ምሰሶዎች አቁሞ፣ በላያቸው ጣውላ እንደ ደረጃ አስደርድሮ ከፍ ያለ እርከን አሠራ። በዘመኑ ይህ አሠራር የተለመደ ነበር።

ሚያዝያ 5 ቀን 1902 ስኮትላንድና እንግሊዝ በዚያ ሜዳ ተገናኙ። ከ60,000 በላይ ሰው ገብቷል፤ ዋዜማውን ሌሊት ዝናብ ጥሎ ነበር። ጨዋታው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ ሰዉ ኳሱን ለማየት ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ፣ ከላይኛው እርከን ጣውላው ተሰበረ። መሬቱ ተከፈተ እንደማለት ነው። ሰው በሰው ላይ እየተደራረበ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በብረቶቹ መካከል ወደቀ። 25 ሰዎች ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። ሊች ራሱ እዚያው ሜዳ ውስጥ ነበር።

የሚያሳዝነው ደግሞ ጨዋታው ለጥቂት ጊዜ ቆሞ እንደገና መቀጠሉ ነው። ሰዉ ሁሉ ተደናግጦ በአንዴ እንዳይወጣና ሌላ እልቂት እንዳይመጣ ተብሎ ነው፤ አብዛኛውም ተመልካች የሆነውን አላወቀም። እኛ ለቅሶ ቤት ሳለ ከጎረቤት ዘፈን ሲሰማ የሚሰማንን እናውቃለን። ቢሆንም ውሳኔውን እንዲሁ በቀላሉ ለመንቀፍ አንደፍርም፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ በር ቢጎርፍ ምን ሊሆን እንደሚችል ማን ያውቃል? ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀና ውጤቱ ተሰረዘ። በግንቦት ወር በበርሚንግሃም ከተማ እንደገና ሲጫወቱ የመግቢያው ገቢ ለተጎጂዎች መርጃ ተሰጠ። እኛ በእድር የምናደርገውን እነርሱም በራሳቸው መንገድ አደረጉት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ማን ነው ጥፋተኛው የሚለው ሆነ። የጣውላውን ሥራ የያዘው ተቋራጭ ሰው በመግደል ወንጀል ተከሶ ፍርድ ቤት ቀረበ። ክሱ በንድፉ ከታዘዘው ዓይነት ያነሰ፣ ርካሽ እንጨት አስገብቷል የሚል ነበር። ሊችም ቀርቦ መሰከረ፤ ጥፋቱ የእንጨቱ እንደ ሆነ ተናገረ። በተከሳሹ በኩል የቆሙት ባለሙያዎች ግን ድክመቱ የንድፉ ነው ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ ተቋራጩ በነፃ ተለቀቀ። ሊች ራሱ አልተከሰሰም፤ ይሁን እንጂ ተቋራጩ ነፃ ሲወጣ የሰው ዓይን ወደ ማን እንደሚዞር የታወቀ ነው። በእኛ አስተያየት ማንም ይሁን ማን፣ ያን ያህል ሰው በጣውላ ላይ ሰማይ ላይ ማንጠልጠሉ ራሱ የዘመኑ ሁሉ ስሕተት ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ከተማ በወጣ ነበር። ሊች ግን ሜዳውን መልሼ የምሠራው እኔ ነኝ ብሎ ሬንጀርስን ለመነ፤ ክለቡም ፈቀደለት። በጣውላው ፈንታ አፈር ተቆልሎ ጠንካራ ጉብታ ተሠራ። ከመሬት የተነሳ ነገር ወዴት ይወድቃል? ከዚያ ወዲህ በብሪታንያ በረጅም የብረት እግር ላይ የሚቆም የጣውላ እርከን እየቀረ፣ በአፈር ጉብታና በአርማታ ተተካ።

ሊች እዚህ ላይ አላቆመም። የሕዝብ ብዛት እንደ ጎርፍ መሆኑን ተረዳ። ጎል ሲገባ ከላይ ያለው ሰው ወደ ታች ይገፋል፣ ግፊያው ረድፍ ባለፈ ቁጥር ይከማቻል፣ ግርጌ ያለው ደረቱ ይጨመቃል። ስለዚህ በእርከኑ ላይ የብረት መደገፊያዎችን በየቦታው እያፈራረቀ ተከለ። በአንድ መሥመር ቢተከሉ በመካከላቸው ረጅም ቀዳዳ ይቀራል፤ ሲፈራረቁ ግን ግፊያው ከአንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይይዘዋል። የሰው መተላለፊያውንም ከእርከኑ ዝቅ አድርጎ ሠራው፤ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ቢቆሙ ኳስ አይታይምና ማንም አይዘጋውም። ቀላል ዘዴ ነው አይደል? ነገር ግን ሰውን ሳይቆጣጠሩ ሰውን ማስተላለፍ ማለት ይህ ነው። ለመደገፊያዎቹ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ክለቦች ሁሉ ተቀበሉት። ግላስጎ በሚገኘው ሌላው ሥራው በሃምደን ፓርክ በ1937 ለአንድ ጨዋታ ከ149,000 የሚበልጥ ሰው ገብቶ በሰላም ወጥቷል።

ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ውኃ ፈሰሰለት። በ1905 ለንደን ውስጥ ቼልሲንና ፉልሃምን፣ በ1906 የሊቨርፑልን ጥላ ፎቅ፣ በ1909 የቶተንሃምን ሠራ። የቶተንሃሙ ጣራ ግንባር ላይ በኋላ የነሐስ አውራ ዶሮ ቆመበት። የማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ በየካቲት 1910 ሲከፈት 80,000 ሰው ይይዝ ነበር። መጀመሪያ ለ100,000 ሰው ታስቦ ወጪው ስለ ከበደ ቀነሱት፤ ይህ እንኳ በኛም አገር ያለ ነገር ነው። በዚያ ቀን ዩናይትድ በሊቨርፑል 4 ለ 3 ተሸንፏል፤ የዛሬዎቹ የሊቨርፑል ደጋፊ ልጆች ይህን ሲያነቡ ደስ ይላቸው ይሆናል። አርሰናልም በ1913 ወደ ሃይበሪ ሲገባ ሠሪው እርሱ ነበር። በጠቅላላው በብሪታንያና በአየርላንድ ከ20 በላይ በሚሆኑ ሜዳዎች ላይ እጁ አለበት። ቢሮውንም ወደ ሊቨርፑል፣ ኋላም ወደ ለንደን ያዛወረው ለዚሁ ነው፤ ልጁም በሙያው ተከትሎታል።

ሥራውን ማወቅ ለሚፈልግ ምልክቱ ግልጽ ነው። ጥላ ፎቁ ባለሁለት ደርብ ይሆንና፣ በላይኛው ደርብ ፊት ለፊት የብረት አጥር በመስቀል ምልክት እየተጣመረ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ብረቱ ለጌጥ የገባ አይደለም፣ ደርቡን የሚያጠነክር ነው፤ ቀለም ተቀብቶ ጌጥ ሆነ እንጂ። አንዳንዶች ሜዳዎቹ ፋብሪካ ይመስላሉ ይሉ ነበር። ቢመስሉስ? ቅዳሜ ከሰዓት የሚገባባቸው ሰው ጠዋት ፋብሪካ የዋለ ሠራተኛ ነበር። ሆኖም ሲፈልግ ማሳመር ይችል ነበር፤ በ1920ዎቹ የሠራው የአስቶን ቪላ ጥላ ፎቅ ደረጃውና የሸክላ ግንባሩ ቤተ መንግሥት ይመስል ነበር። በ2000 አፈረሱት፤ እኛ ብንሆን አናፈርሰውም ነበር።

የሕይወቱን መደምደሚያ ሥራ ያገኘው እዚያው አይብሮክስ ላይ ነው። በ1929 መጀመሪያ ቀን የተከፈተው ቀይ የሸክላ ጥላ ፎቅ ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጣል የሚሉ አሉ። 25 ሰው በሞተበት ሜዳ፣ ከ27 ዓመት በኋላ! ሊች ሚያዝያ 25 ቀን 1939፣ 74 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው አረፈ። ያን ያህል ሰው ሥራው ላይ እየተቀመጠ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ሙሉ ታሪኩ በመጽሐፍ የወጣለት በ2005 ነው።

አደጋ ግን ከሞቱም በኋላ አልቀረም፤ ይህንንም ሳንደብቅ መጻፍ ይገባናል። በ1971 መጀመሪያ በአይብሮክስ 13 ቁጥር በሚባለው ቁልቁል ደረጃ ላይ ሰው ከጨዋታ ሲወጣ ተደራርቦ ወድቆ 66 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ደረጃ በ1961 ሁለት ሰዎች ሞተው ነበር፤ ማስጠንቀቂያው አልተሰማም። በ1985 ደግሞ በብራድፎርድ ከተማ የእርሱ የሆነ አሮጌ የእንጨት ጥላ ፎቅ፣ ከወለሉ ሥር ለዓመታት የተጠራቀመ ቆሻሻ እሳት ይዞት በደቂቃዎች ውስጥ ነደደና 56 ሰዎች አለቁ። ሰባ ዓመት ያለፈውን እንጨት ሳይጠግኑና ሥሩን ሳይጠርጉ የተዉት ግን በሕይወት ያሉት ናቸው እንጂ እርሱ አይደለም። በመጨረሻ በ1990 መንግሥት ታላላቆቹ ክለቦች ሰው ሁሉ ተቀምጦ እንዲያይ አዘዘና የሊች መቆሚያዎች አንድ በአንድ ፈረሱ።

ከቀሩት ውስጥ የፉልሃም የ1905 ጥላ ፎቅ ከነእንጨት ወንበሩ አለ። የኤቨርተን ወንዶች ቡድን በግንቦት 2025 ወደ አዲስ ሜዳ ሲሄድ፣ ጉዲሰን የተባለው አሮጌው ሜዳ ከነመስቀል ብረቱ ለሴቶቹ ቡድን ተላለፈ። የአይብሮክሱም ቀይ ሸክላ በሕግ ተጠብቆ ቆሟል። በጎኑ ከ2001 ጀምሮ የመታሰቢያ ሐውልት አለ። በዚያም በ1902 የሞቱት 25፣ በ1961 የሞቱት ሁለት፣ በ1971 የሞቱት 66 ሰዎች ስም በየስማቸው ተጽፏል።