ኬን ማይልስ፤ በአሮጌ መኪና ውስጥ የውጭ ሞተር

1966 ሲነሳ የኳስ ቤተሰቡ ቶሎ ትዝ የሚለው ዌምብሌይ ነው። ጁላይ 30 ቀን ጂኦፍ ኸርስት ሀትሪክ ሰርቶ እንግሊዝ ምዕራብ ጀርመንን 4 ለ 2 ረታችና የዓለም ዋንጫን ወሰደች። ከዚያ የፍጻሜ ጨዋታ 18 ቀን በኋላ ደግሞ ሌላ እንግሊዛዊ ስፖርተኛ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሲሞክረው የነበረው መኪና ተገልብጦበት ህይወቱ አለፈ። ስሙ ኬን ማይልስ ይባላል። ክርስቲያን ቤል የተወነበትንና በ2019 የወጣውን የፎርድና የፌራሪን ፍልሚያ የሚተርከውን ፊልም ያየ ሁሉ ያውቀዋል። (በዚህ ጽሁፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙ የሚያሳየን ግን የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ማይልስ ወደዚያ መድረክ የደረሰው ሌላ ስራ ለረጅም ጊዜ ሲሰራ ቆይቶ ነው። ስራው የአንዱን አገር ሞተር በሌላው አገር ስፖርት መኪና ውስጥ መግጠም ነበር። ዛሬ ከኳሱ ወጣ ብለን የዚህን ሰው ህይወት እንቃኛለን።

አጥቂው መጣ፣ አማካዩስ?

ነገሩን በኳስ ቋንቋ እናስቀምጠው። አንድ የደከመ ክለብ ከውጭ ጎል አዳኝ አጥቂ ያስፈርማል እንበል። ደጋፊው ይጨፍራል። ግን ኳስ የሚያቀብል አማካይ ከሌለ፣ ከኋላም ተከላካዩ ቀዳዳ ከሆነ አጥቂው ብቻውን ምን ያመጣል? መኪናም እንደዚሁ ነው። ትልቅ ሞተር ሲገባበት ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉ፣ ፍሬኑ፣ መሪውና ሻንሲው አብረው ካልተጠናከሩ ትርፉ ብልሽት ነው፤ ሲከፋም ሞት ነው።

ለእኛም አገር ሞተር መቀየር እንግዳ ነገር አይደለም። አሮጌ ላንድሮቨር ውስጥ የጃፓን ሞተር ማስገባትን የጋራዥ ሰዎች በደንብ ያውቁታል፤ የሞተር ቁጥሩን ሊብሬ ላይ የማስቀየር ጣጣውንም እንደዚያው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደጀንና በቢቸና አድርጎ ወደ መርጡለ ማርያም የሚጓዝ ሹፌር ደግሞ ነገሩን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል ሲወርድ የሚተማመነው በፍሬኑ ነው። ከድልድዩ ወደ ደጀን ዳገቱን ሲወጣ ደግሞ በራዲያተሩ። ሞተሩ የፈለገውን ያህል ጉልበት ቢኖረው ፍሬኑ ከጋለና ውሃው ከፈላ ጉዞው እዚያው በረሃው ላይ ያበቃል። ማይልስ ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ከዚሁ ጋር ነው።

ከታንክ ወደ ውድድር

ኬን ማይልስ ኖቬምበር 1 ቀን 1918 በእንግሊዝ በርሚንግሃም አጠገብ በምትገኘው ሰተን ኮልድፊልድ ተወለደ። ለትምህርት ብዙም ልብ ስላልነበረው ገና በልጅነቱ ዎልስሌይ በተባለው የመኪና ፋብሪካ ሙያ ለመማር ገባ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በታንክ ክፍል ሳጅን ሆኖ አገለገለ። ከጦርነቱ በኋላ ቀልቡ ያረፈው በአሮጌ ስፖርት መኪኖች ውድድር ላይ ነው።

ቡጋቲም አልፋ ሮሜዮም ነዳ። ከዚያ ወደ ፍሬዘር ናሽ ዞረ። ፍሬዘር ናሽ ከጦርነቱ በፊት ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው እንደ ብስክሌት በሰንሰለት ነበር። ማይልስ የተወዳደረበት ፍሬዘር ናሽ ውስጥ ያለው ሞተር ታዲያ የእንግሊዝ አልነበረም። ስምንት ሲሊንደር ያለው፣ ቪ 8 የሚባለው የአሜሪካ ፎርድ ሞተር ነበር። ሰውየው ገና አሜሪካን ሳይረግጥ የአሜሪካን ሞተር ጠባይ ያወቀው በዚህ ነው።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሚስቱንና አንድ ልጁን ይዞ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻገረ፤ የኤም ጂ መኪና አከፋፋይ ዘንድም የጥገና ክፍል ኃላፊ ሆነ። በ1953 ራሱ በኤም ጂ ዕቃዎች በሰራት መኪና 14 ውድድሮችን በተከታታይ አሸነፈ። ከኋላው የነበሩት ባለገንዘቦች ውድ መኪና ገዝተው ነው የመጡት። እሱ ግን መኪናዋን ቀለል አድርጎ በመስራት ቀጣቸው።

ቀጥሎ የፖርሽ አከፋፋይ ዘንድ ተቀጠረ። በ1957 የጀርመኑን ፖርሽ 550 ሞተርና ካምቢዮ አውርዶ የእንግሊዙ ኩፐር መኪና ውስጥ አስገባ። ሁለቱ አገሮች ተዋልደው የወጣችው መኪና በ1957 እና በ1958 በምዕራብ አሜሪካ በክፍሏ የሚደርስባት ጠፋ። የሁለቱን ፋብሪካዎች ስም በማቀላቀል "ፑፐር" የሚል ቅጽል ስምም ወጣላት።

በኋላ የራሱን ጋራዥ ከፈተ፤ ግን አልሆነለትም። ሞተር እንጂ ሂሳብ የማይገባው ሰው ነበርና በግብር ዕዳ ተዘጋበት። በ1963 ለካሮል ሼልቢ ተቀጥሮ መስራት ጀመረ።

ኮብራ እና ታይገር

ሼልቢ በ1959 ለ ማንን ያሸነፈ የቴክሳስ ተወላጅ ሲሆን በልብ ህመም ምክንያት መንዳት አቁሞ ነበር። ኤሲ ኤስ የምትባል በ1953 የወጣች ቀላል የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነበረች። የሚገጠምላት የብሪስቶል ሞተር መመረቱን ሲያቆም ሼልቢ የፎርድን ቪ 8 ላስገባባት አለ። የመጀመሪያዋ የተገጠመችው በ1962 መጀመሪያ ላይ ነው፤ የእኛ ብሄራዊ ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ባነሳበት ሰሞን ማለት ነው። ኮብራ የሚል ስም ወጣላት። የፈረስ ጉልበቷም ከእጥፍ በላይ አደገ።

ፎርድ ያንን ሞተር የሰራው በቀጭን ብረት ቀረጻ ስለነበር ከሌሎች ቪ 8 ሞተሮች ቀለል ይላል። ምስጢሩ ይሄ ነው፤ የትንሿን መኪና አፍንጫ አልተጫነውም። ቢሆንም ግን የኋላው ዲፈረንሻል በጠንካራ መተካት ነበረበት። የኋላ ፍሬኖች ከመሃል ወደ ጎማዎቹ ዳር ተዛወሩ። በ1963 መሪውም በአዲስ ዓይነት ተቀየረ። ማይልስ የሼልቢ ዋና ሞካሪና ተወዳዳሪ ሆኖ በየቀኑ ይነዳል፣ የደከመውን ዕቃ ይለያል፣ ያስቀይራል። በ1965 ኮብራ በጂቲ ክፍል ፌራሪን አስከትሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

በዚያው በ1963 ሌላ ስራም መጣለት። ሰንቢም አልፓይን የምትባለው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና መልኳ ያማረ፣ ጉልበቷ ግን የደከመ ነበር፤ ሞተሯ 1.6 ሊትር ብቻ ነው። የፋብሪካው ሰዎች ቪ 8 ይገባባት ይሆን ብለው ለማይልስ 800 ዶላር፣ አንድ አልፓይንና አንድ የፎርድ ሞተር ሰጡት። በአንድ ሳምንት ገደማ የምትሄድ መኪና አስረከባቸው! ሼልቢ ደግሞ በ10 ሺህ ዶላር ሌላ ናሙና ሰራ። ሙከራው አዋጭ መሆኑ ታየና ታይገር ተወለደች። ከ1964 እስከ 1967 ድረስ ከ7 ሺህ በላይ ተመረተች።

ኮፈኗ ስር ቦታው ከመጥበቡ የተነሳ አንዱን ካንዴላ ለመፍታት መካኒኩ መኪናው ውስጥ ገብቶ በግድግዳው ላይ በተተወ ቀዳዳ በኩል እጁን መስደድ ነበረበት። መጨረሻዋም በሞተሩ ጣጣ ነው። ፋብሪካውን የፎርድ ተፎካካሪ የሆነው ክራይስለር ጠቀለለው። የተፎካካሪን ሞተር መሸጥ አይቻል፣ የራሱ ቪ 8 ደግሞ ውስጧ አልገባ አለ፤ ታይገር ቀረች።

ሰባት ሊትር

በ1964 የሼልቢ ጋራዥ ልቡ ወደ ላይ ወጣ። የፎርድን ትልቁን የ7 ሊትር ሞተር ኮብራ ውስጥ ጨመሩት። ማይልስ ለሴብሪንግ ውድድር ልምምድ ይዞት ወጣና ከዛፍ ጋር ተላተመ። በጥገና ለውድድሩ ቢደርስም አልጨረሰም። ባሌስትራ ላይ የተቀመጠው አሮጌ ሻንሲ ያንን ጉልበት መሸከም አልቻለም። ለ1965 ሻንሲው በወፍራም ብረት ተሰርቶ ባሌስትራው በሞላ ተተካ።

ተመሳሳይ ታሪክ በጂቲ 40 ላይም ተደገመ። ማይልስ ከሎይድ ሩቢ ጋር በ1965 ዴይቶናን አሸንፎ ለፎርድ ጂቲ የመጀመሪያውን ድል አመጣ። በዚያው ዓመት ለ ማን ላይ ግን 7 ሊትር የተገጠመለትን መኪና ከብሩስ ማክላረን ጋር ሲነዳ ካምቢዮው ከዳቸውና ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወጡ። ፈጣን ነበሩ፤ ግን ፍጥነት ብቻውን 24 ሰዓት አያደርስም። በ1966 ካምቢዮው ተጠናክሮ፣ ፍሬኑም በጉድጓድ መቆሚያው ላይ ፈጥኖ እንዲቀየር ተደርጎ መጡ።

ያ ዓመት የማይልስ ነበር። ከሩቢ ጋር የዴይቶናን 24 ሰዓትና የሴብሪንግን 12 ሰዓት አሸነፈ። ለ ማን ላይ ከዴኒ ሃልም ጋር ሲመራ ቆይቶ መጨረሻው ሲቃረብ የፎርድ አለቆች መኪኖቹ ለፎቶ ጎን ለጎን እንዲገቡ አዘዙ። ማይልስም ፍጥነቱን ቀነሰ። ዳኞቹ ግን አጠገቡ የገቡት ማክላረንና ክሪስ ኤመን ሲነሱ ከኋላ ስለነበሩ ረዘም ያለ ርቀት ሄደዋል ብለው ድሉን ለእነሱ ሰጡ። ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት ማሸነፍ በጥቂት ሜትሮች አመለጠው። በ90ኛው ደቂቃ ዋንጫ የተነጠቀ ቡድን የሚሰማውን ስሜት አስቡት።

ሁለት ወር ቆይቶ፣ ኦገስት 17 ቀን 1966፣ ሪቨርሳይድ ላይ ጄ ካር የተባለውን አዲስ የፎርድ መኪና ሲሞክር ዋለ። አካሉ ከተጣበቁ ቀጫጭን የአልሙኒየም ገበታዎች የተሰራ እጅግ ቀላል መኪና ነበር፤ ሞተሩ ያው 7 ሊትር ነው። በረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ መኪናው ከቁጥጥር ውጪ ሆኖ ተገለበጠ፣ ተሰባበረ፣ ተቃጠለ። ማይልስ በ47 ዓመቱ ወዲያው ህይወቱ አለፈ።

ከአደጋው በኋላ ፎርድ የመኪናውን ቅርጽ ቀየረ፤ በውስጡም ሹፌሩን የሚከልል የብረት ቱቦ ቀፎ አስገባ። ያ የታደሰ መኪና በ1967 በዳን ገርኒና በኤ.ጄ. ፎይት ተነድቶ ለ ማንን አሸነፈ። እዚያው ውድድር ላይ የሌላኛው መኪና ሹፌር ማሪዮ አንድሬቲ ከባድ አደጋ ደርሶበት በህይወት ወጣ። ማይልስ በ2001 በአሜሪካ የሞተር ስፖርት የክብር መዝገብ ውስጥ ስሙ ሰፍሯል። አንድሬቲ ደግሞ በ1978 የፎርሙላ 1 ዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቅቷል።