ላሊበላ በታሪክና በአፈ ታሪክ

ንጉሥ ላሊበላ በ12ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ከነገሡት የዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ነው። የትውልድ ስፍራው በላስታ የምትገኘው ሮሃ፣ የንግሥቲቱም ስም መስቀል ክብራ እንደ ሆነ ይነገራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1204 እና በ1225 ዓ.ም. የተጻፉ የመሬት ስጦታ ሰነዶች ዘመኑን ይመሰክራሉ። በዘመኑ ጽሑፎች ተደግፎ ስለ ሕይወቱ የሚታወቀው ግን ከዚህ ብዙም አያልፍም።

የጎደለውን የሞላው አፈ ታሪክ ነው። ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ነገሩን የንግሥና ምልክት አድርጋ በመቁጠር ላሊበላ አለችው ይባላል። ስሙ ከአገውኛ የመጣ እንደ ሆነ ይታመናል። ወንድሙ ንጉሥ ሐርቤ ይህን በሰማ ጊዜ ለዙፋኑ ሠጋ፤ እኅቱም መርዝ አጠጣችው። በዚያን ጊዜ ላሊበላ ለሦስት ቀን ወደ ሰማይ ተነጥቆ፣ ከአለት የሚፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት እንዳየ ይተረካል። በመጨረሻም ሐርቤ ዙፋኑን በፈቃዱ ለቀቀለት። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ሲሠሩም ሰዎች ቀን ይወቅሩ፣ መላእክትም ሌሊት ይቀጥሉ ነበር ይባላል።

ይህ ሁሉ በቃል ሲወርድ ቆይቶ፣ ንጉሡ ካረፈ ከሁለት መቶ ዓመታት ያህል በኋላ በገድለ ላሊበላ ተጻፈ። የገድሉ ጸሐፊ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈውን ወስዶ፣ መልክና ቅደም ተከተል ሰጥቶ ድርሰት አደረገው።

የዋግ ሹሞች የዘር ሐረጋቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥሩ ነበር። ስለዚህ በሰቆጣም ሆነ በዝቋላ የሚኖር ተማሪ ስለ ላሊበላ ሲጽፍ የሚጽፈው ስለ ሩቅ አገር ሰው አይደለም። በሰቆጣ አቅራቢያ ያለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ከአለት የተፈለፈለ ነው።

ይሁን እንጂ አፈ ታሪክን እንዳለ መድገም ድርሰት አይሆንም። የደራሲው ሥራ የሚጀምረው ተረኩ ዝም ካለበት ቦታ ነው። ሐርቤ ዘውዱን ባስረከበበት ሌሊት ምን አሰበ? ማታ መዶሻውን አስቀምጦ የሄደው ድንጋይ ወቃሪ፣ ሲነጋ ሥራው ከተወው በላይ አልፎ ቢያገኘው ደስ አለው ወይስ ደነገጠ? ስለዚህ አፈ ታሪኩ አይነግረንም። መልሱን የሚፈጥረው ጸሐፊው ነው፤ የፈጠረውን ግን እንደ ልብ ወለድ እንጂ እንደ ታሪክ ማስረጃ አያቅርበው።