የብሩስ ሊ ሕይወትና «ተከታይ» የተባለው ፊልሙ

ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ላደገ ወጣት ብሩስ ሊ ማን እንደ ነበረ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እኛም በልጅነታችን አዳማ ውስጥ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ተቀምጠን አይተነዋል፤ ከወጣን በኋላም ርግጫውን በየሜዳው ስንለማመድ ሱሪያችንን ቀድደን የእናቶቻችንን ቁጣ ችለናል። በበሩ ላይ በጠመኔ የሚጻፈው «ቁጥር 1» እና «ቁጥር 2» እውነት ይሁን አይሁን ግን የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ የምናነሣው ከፊልሞቹ መካከል ዓለም በሙሉ ሁለተኛ ነው ብሎ የተቀበለው አንዱ፣ ከአንደኛው ቀድሞ የተሠራ በመሆኑ ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብሩስ ሊ የተወለደው ኖቬምበር 27 ቀን 1940 በሳንፍራንሲስኮ ነው። አባቱ ሊ ሆይ ቹን በካንቶን የዜማ ቲያትር የታወቀ ተዋናይ ነበርና ልጁ የተወለደው አባትየው ለትርኢት አሜሪካ በተጓዘበት ጊዜ ነው። ያደገው ግን በሆንግ ኮንግ ሲሆን፣ ከጨቅላነቱ ጀምሮ በብዙ ፊልሞች ታይቷል። በመንገድ ጠብ የሚወድ ልጅ ስለ ነበረ ኢፕ ማን ከተባለው መምህር ዘንድ ዊንግ ቹን የተባለውን የትግል ስልት ተማረ። በ1958 የሆንግ ኮንግ የቻቻቻ ዳንስ ሻምፒዮን መሆኑንም እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል፤ የእግሩን አጣጣል ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህ አያስደንቀውም።

በ1959 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በሲያትል በአንድ የቻይና ምግብ ቤት እያስተናገደ ትምህርቱን ቀጠለ፤ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም ገባ። በ1964 ሊንዳ ኤመሪን አገባ። ከ1966 እስከ 1967 «ግሪን ሆርኔት» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም የጌታው ሾፌርና ረዳት ሆኖ ሠራ። ተከታታዩ ሲቋረጥ የሚያገኘው ሥራ ጥቃቅን ብቻ ሆነ። የአሜሪካ ፊልም ሰሪዎች በዚያን ጊዜ ቻይናዊ ተዋናይ ለዋና ሰውነት ይበቃል ብለው አያምኑም ነበር።

እንግዲህ ወደ ሆንግ ኮንግ ተመለሰ። በ1971 «ዘ ቢግ ቦስ» ከ3 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ፣ በ1972 ደግሞ «ፊስት ኦፍ ፉሪ» ከ4 ሚሊዮን በላይ አስገቡ። ከዚያ በኋላ ሰውየው የሌላ ሰው ታዛዥ ሆኖ መሥራትን ተወ። ከሬይመንድ ቾው ጋር ባቋቋመው ድርጅት በኩል «ዌይ ኦፍ ዘ ድራገን» የተባለውን ፊልም ራሱ ደረሰ፣ ራሱ አዘጋጀ፣ ራሱም ተጫወተ። በ1972 መጨረሻ ላይ ለእይታ በቅቶ በሆንግ ኮንግ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አገኘ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ከሆንግ ኮንግ ገጠር የመጣ ሰው በወሮበሎች የተቸገረ የዘመድ ምግብ ቤት ሊረዳ ሮማ ይገባል። ቋንቋ አያውቅም፤ በአውሮፕላን ማረፊያ የምግብ ዝርዝሩን ሳያነብ በጣቱ ቢያመለክት የሚቀርብለት ሾርባ በሾርባ ላይ ይሆናል። በመጨረሻም በኮሎሲየም ከቸክ ኖሪስ ጋር ይጋጠማል፤ አንዲት የድመት ግልገል ትመለከታቸዋለች። ካሸነፈ በኋላ የሟቹን ልብስና ቀበቶ አልብሶት በአክብሮት ይንበረከካል። እኛ በልጅነታችን ስለ ርግጫው ስንጮህ ይህን ክፍል ሳናስተውለው ማለፋችን ያሳፍረናል።

ቀጥሎ ለዋርነር ብራዘርስ «ኢንተር ዘ ድራገን»ን በ1973 ሠራ። ነገር ግን ፊልሙ አሜሪካ ሲወጣ ሊያይ አልታደለም፤ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ጁላይ 20 ቀን በሆንግ ኮንግ በአንጎል እብጠት ሞተ። ዕድሜው 32 ዓመት ነበር።

ፊልሙ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ነጋዴዎች ተከታይ ፈለጉ። ዋናው ሰው ከሞተ ተከታይ ከየት ይመጣል? በ1974 ቀደም ሲል የተሠራውን የሮማውን ፊልም አንሥተው «ሪተርን ኦፍ ዘ ድራገን» ማለትም የዘንዶው መመለስ የሚል ስም ለጠፉበትና የ«ኢንተር ዘ ድራገን» ተከታይ አስመስለው በአሜሪካ አሳዩት። ሁለቱን የሚያገናኝ ታሪክም ሆነ ባለታሪክ የለም። ስም ማዘበራረቁ ለአሜሪካ ገበያ አዲስ አልነበረም፤ «ዘ ቢግ ቦስ» እዚያ «ፊስትስ ኦፍ ፉሪ» ተብሎ ነበር፣ «ፊስት ኦፍ ፉሪ» ደግሞ «ዘ ቻይኒዝ ኮኔክሽን»።

ጉዳቱ በፍርዱ ላይ ታየ። ሐያስያን ትግሉን አድንቀው ታሪኩን ስስ፣ ቀልዱን የልጅ ጨዋታ አሉት። ነቀፋው ሐሰት ነው አንልም፤ ሥዕሉ ርካሽነት ይታይበታል፣ ወሮበሎቹም አያስፈሩም። ዳሩ ግን በ130 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ገደማ ለእስያ ተመልካች የተሠራን የመጀመሪያ ዝግጅት የሆሊውድ ገንዘብ ከፈሰሰበት ፊልም ቀጥሎ አቅርቦ መመዘን፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪን ወረቀት የመመረቂያ ጽሑፍ ነው ብሎ እንደ ማረም ነው። ተከታይ ነው ብሎ ለገባ ተመልካች ሰውየው ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል። እውነቱ ግን ወደ ፊት እየሄደ መሆኑ ነው። ይህን ሊያስረዳ የሚችለው ሰው በሲያትል መቃብር ውስጥ ነበር። ከጊዜ በኋላ ፊልሙ የራሱ ሐሳብ ከሁሉ ይልቅ የተገለጠበት ሥራ ነው የሚሉ ብዙ ጸሐፊዎች ተነሥተዋል፤ እኛም ከእነርሱ ወገን ነን።

ከዚያ በኋላ የመጣው የባሰ ነው። ሳይጨርሰው የተወው «ጌም ኦፍ ዴዝ» በ1978 በሌሎች ሰዎች መሳይነት ተሞልቶ ወጣ፤ እሱ ራሱ የሚታገልበት 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በአንድ ቦታ ላይ የፊቱ ሥዕል በመስታወት ላይ ተለጥፎ ይታያል። የእውነተኛው ቀብሩ ፊልም እንኳ በታሪኩ ውስጥ ገባ። በ1981 ደግሞ «ጌም ኦፍ ዴዝ 2» ከድሮ ፊልሞቹ በተለቃቀመ ቁራጭ ተሰፍቶ ወጣ። «ኢንተር ዘ ድራገን» ግን በ2004 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ሁለቱን ፊልሞች በእጁ ያገኘ አንባቢ የሮማውን አስቀድሞ ይይ። የአውሮፕላን ማረፊያውን ሾርባ እንዳያልፈው።