ሥዕልን ከክፈፉ ያወጣው ሮበርት ባርከር

ዛሬ ቤት ለመከራየት የሚሻ ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሳ ክፍሎቹን በስልኩ ዙሪያውን ይቃኛል። የሕክምና ተማሪም የምናባዊ ዕውነታ መነጽር አጥልቆ፣ ቀዶ ሕክምና በሚካሄድበት ክፍል መሐል እንደቆመ ሆኖ ይማራል። ተመልካችን በምስል መካከል የማቆም ሐሳብ ግን ካሜራ ራሱ ከመፈልሰፉ በፊት የመጣ ነው።

ሮበርት ባርከር እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1739 በአየርላንዷ ኬልስ ተወለደ። ደብሊን ውስጥ የጀመረው ንግድ ስላልሠመረለት የሰዎችን መልክ ወደ መሣል ዞረ፤ ኑሮውንም ወደ ስኮትላንዷ ኤደንብራ አዛወረ። ካልተን ከተባለው ኮረብታ ላይ ሆኖ ከተማዋን ሲቃኝ፣ ዙሪያ ገባውን በአንድ ሥዕል የመያዝ ሐሳብ መጣለት።

ፈተናው ከቀለሙ ይልቅ ስሌቱ ነበር። ቀጥ ብሎ የተሠመረ መስመር፣ በክብ ግድግዳ ላይ በተወጠረ ሸራ ጎብጦ ይታያል። ስለዚህ ባርከር መስመሮቹን አስቀድሞ የሚያጎብጥበትን ዘዴ ቀየሰ። ንድፉን ያነሳለት ገና በለጋ ዕድሜ የነበረው ልጁ ሄንሪ ነው። በ1787 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ስመ ጥሩው ሠዓሊ ጆሹዋ ሬይኖልድስ መጀመሪያ ነገሩ አይሆንም ብሎ እንደነበር፣ ኋላ ግን ሐሳቡን እንደለወጠ ይነገራል።

በ1793 ለንደን ሌስተር አደባባይ አጠገብ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ክብ አዳራሽ ተከፈተ። ጎብኚዎች በጨለማ መተላለፊያ አልፈው መሐል ላይ ወዳለው ሰገነት ይወጣሉ። ብርሃን ከጣሪያ ይወርዳል፤ ምንጩ ግን አይታይም። የሸራው የላይና የታች ጠርዝም ተሸፍኗል። በእኔ እምነት የባርከር ትልቁ ብልሃት ይህ ሥዕሉ የሚያልቅበትን ቦታ መደበቁ ነው። የዛሬ ባለሙያዎችም የካሜራውን መቆሚያና የምስሎቹን መጋጠሚያ ለመሰወር የሚደክሙት ለዚሁ ነው።

ፎቶግራፍ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ሕዝቡ ሄዶ የማያያቸውን ከተሞችና የባሕር ውጊያዎች በዚህ አዳራሽ ተመለከተ። ከግሪክኛ የተበጀው “ፓኖራማ” የሚለው ቃልም የተስፋፋው ከዚሁ ሥራ ጋር ነው።

ባርከር በ1806 ሞተ፤ ሥራውን ሄንሪ ቀጠለ። ግዙፎቹ ሸራዎች ዛሬ የሉም። ከአልቢየን ወፍጮ ቤት ጣሪያ የተነሳው የለንደን ገጽታ ግን በኅትመት ቅጂ ተርፏል። አዳራሹ በ1863 ተዘግቶ የፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተመትቶ እንደገና ቢታነጽም፣ ዛሬም ቅርጹ ክብ ነው።