የሚንጃሩ ባለቅኔ፣ የሸክላው ድምፅ፦ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ

ማሲንቆ በሚመታበት ቤት አንድ የታወቀ ዝምታ አለ። አዝማሪው ሁለት ስንኝ ጥሎ ክሩን ብቻውን ሲያስኬድ ቤቱ ለአፍታ ጸጥ ይላል። ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ራሱን ይነቀንቃል፤ አጠገቡ ያለው ፈገግ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶም ሳቁ ወይም እንጉርጉሮው ከመደብ ወደ መደብ ይዛመታል። ወርቁ ገብቷቸዋል ማለት ነው። ያቺን የዝምታ ቅጽበት ከማንም በላይ ያውቁባት ከነበሩ ሰዎች አንዱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ተሰማ የተወለዱት በ1869 ዓ.ም. ገደማ በሚንጃር ነው። ሚንጃር ዛሬ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ፣ በማኛ ጤፉና በዘፈኑ ስሙ የሚነሣ ምድር ነው። ሀገሬው ሲያጭድም ሲወቃም ይዘፍናል፤ ልጁም ለግጥም ጆሮውን የከፈተው ቃልና ዜማ ከሥራ ተለይተው በማይኖሩበት በዚህ ሕዝብ መካከል ነው። ኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥተው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ዙሪያ ካሉ መኳንንት ጋር ለመቀራረብ በቁ። ለዚህም ያበቃቸው የአንደበታቸው ቅልጥፍና እንደነበረ ይነገራል።

በዚያ ዘመን ማሲንቆ ይዞ መዝፈን የአዝማሪ ሥራ ነበር። አዝማሪም በግብሩ አዳራሽ ቢወደድም ከአዳራሹ ውጭ የሚከበር ሰው አልነበረም። ከመኳንንቱ ጋር ውሎ ማሲንቆ መምታት ራስን ለስድብ ማጋለጥ ነበር። ተሰማ በትውልድ አዝማሪ ሳይሆኑ ማሲንቆውን አነሡ፤ ክብራቸውንም አላጡም። ግጥማቸው የጠላትንም የወዳጅንም አፍ የሚያዘጋ ነበርና።

በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀውን ነገር አየች። አንዱን እንግሊዛዊው ቤንትሌይ፣ ሌላውን ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ያመጧቸው አውቶሞቢሎች ወደ ከተማዋ ገቡ። አዲስ ነገር የሚወዱት ዐፄ ምኒልክ ይህን ተሽከርካሪ የሚነዳና የሚጠግን የሀገር ልጅ እንዲኖር ፈለጉ። ዕጣው ለተሰማ ወጣ፤ ወደ ጀርመንም ተላኩ። የሄዱት ስለ ሞተርና ስለ መንኰራኩር ሊማሩ ነበር። ታሪክ የሚያስታውሳቸው ግን በርሊን ላይ በሠሩት ሌላ ሥራ ነው።

በዚያ ዘመን የጀርመን የሸክላ ፋብሪካዎች በዓለም ዙሪያ የየሕዝቡን ዜማ እየቀረጹ ይሸጡ ነበር። ተሰማም በበርሊን ከመቅረጫው ቀንድ ፊት ቆመው ማሲንቆአቸውን ቃኙ። ማይክሮፎን አልነበረም፤ ኤሌክትሪክም ድምፅን አያጎላም ነበር። ዘፋኙ በቀንዱ አፍ ውስጥ ድምፁን ሲለቅ መርፌው በሰም ላይ ይጭራል፤ የሸክላው አንድ ገጽም የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በግብር አዳራሽ እስከ እኩለ ሌሊት ሲዘረጋ የሚያድር ዘፈን በዚያች አጭር ጊዜ መጠቅለል ነበረበት። ራሱን የሚነቀንቅ አድማጭ በሌለበት፣ ቋንቋቸውን በማይሰሙ ባለሙያዎች ፊት፣ ተሰማ ከዐሥር በላይ ሸክላዎች አስቀረጹ። እነዚህም በንግድ ሸክላ የተቀረጹ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ዘፈኖች ናቸው።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው ሲመለሱ የተዉት ቤተ መንግሥት እንደ ነበረ አልጠበቃቸውም። የላኳቸው ንጉሠ ነገሥት በጠና ታመዋል፤ ወራሽነቱም በ1901 ዓ.ም. ለልጅ ኢያሱ ታውጇል። ተሰማ ከወጣቱ አልጋ ወራሽ ጋር የጠበቀ ወዳጅነት መሠረቱ። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ኢያሱ ሥልጣኑን ጠቅልለው ያዙ፤ ተሰማም ነጋድራስ ተብለው የፖስታና የቴሌግራፍን ሥራ በሚኒስትርነት እስከ መምራት ደረሱ። የሚንጃሩ ልጅ የሀገሪቱን መልእክት የሚያመላልሰው ሥራ የበላይ ሆነ።

ከፍታው ግን ዕድሜ አልነበረውም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። በወሩም የሰገሌ ጦርነት በደም ደመደመው። የኢያሱ ወዳጅ መሆን ትናንት ሹመት ነበር፤ ዛሬ ወንጀል ሆነ። ነጋድራስ ተሰማ ታሰሩ፤ ሀብታቸውን አጡ፤ ከመዲናዋ ርቀውም በግዞት ኖሩ። ግብር ያበላ የነበረው ቤት ፈረሰ፤ እንግዳውም ተበተነ። ያልተወረሰባቸው ነገር ቢኖር በሰው ጆሮ ውስጥ ያስቀመጡት ግጥም ነበር። እርሱን ሊወርስ የሚችል ሹም አልተገኘም፤ ባለቤቱ አድማጩ ነበርና።

የተሰማ ስንኞች መቶ ዓመት ተሻግረው ዛሬም በየጨዋታው የሚነሡት ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት አሠራራቸው ነው። የሀገራችን ዘፈን ግጥም በአብዛኛው በሁለት ስንኝ ይቆማል። የወል ቤት በሚባለው ምጣኔ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስትና ስድስት ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ስንኝ ብዙ ጊዜ ቤት መምቻ ነው፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ በሬ፣ ስለ ማሳ የሚያወራ ይመስላል። ሁለተኛው ስንኝ ሲመጣ ግን የልቡ ነገር ይወጣል። አጭር ስለሆነ አንዴ የሰማው ሰው ይዞት ይሄዳል፤ በማረሻና በገበያ መካከል ለሌላው ያቀብለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሰምና ወርቅ ነው። አድማጩ ሰሙን ከዘፋኙ ይቀበላል፤ ወርቁን ግን ራሱ ቆፍሮ ያወጣል። ሰው ደግሞ በገዛ ድካሙ ያገኘውን ነገር አይረሳም። ይህም በቃላቱ ጠባይ ይደገፋል። ለምሳሌ ዋና የሚለው ቃል ሲላላ በውኃ ላይ መዋኘት ነው፤ ሲጠብቅ ግን ዐቢይ ወይም አለቃ ማለት ይሆናል። ገና የሚለውም ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን ይነግራል። ባለቅኔው በእንዲህ ያለው ስንጥቅ ውስጥ ወቀሳውን፣ ፍቅሩንና ኀዘኑን ይሸሽጋል። የተቆጣ ሹም ቢጠይቀው ሰሙን ያሳየዋል፤ ወዳጁ ግን ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ዘመን በተገለባበጠባቸው ሰዎች ዘንድ ይህ ከጨዋታነት ያለፈ መጠለያ ነበር።

እዚህ ላይ የሸክላው ዋጋ ይገለጣል። ፊደላችን ብዙ ጸጋ ቢኖረውም መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። የተሰማ ግጥሞች ከጊዜ በኋላ ተሰብስበው በመጽሐፍ ታትመዋል፤ ይሁን እንጂ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስንኝ ለማንበብ አንባቢው ራሱ ማጥበቅና ማላላት አለበት። ከተሳሳተ ወርቁ ያመልጠዋል። ድምፁ ግን የት ጠብቆ የት እንደላላ፣ ዘፋኙ የት ትንፋሹን እንደያዘ፣ የትኛውን ቃል እንደ ዋዛ እንዳሳለፈ ይመሰክራል። ብዙ ግጥም ከነጽሑፉ ተርፎ ትርጉሙ የጠፋብን ድምፁን ስላልያዝነው ነው።

ነጋድራስ ተሰማ ከውድቀታቸው በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። የጠላትን ወረራና የነጻነትን መመለስ አዩ። በ1914 ዓ.ም. ጅማ ላይ የተወለደው ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ በሌላ ሜዳ ስሙን ተከለ፤ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ ቡድኑን መራ፤ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። አባት ይህን የዋንጫ ድል ለማየት ታድለዋል። ያረፉትም በ1957 ዓ.ም. ነው።

በርሊን የተቀረጹት ሸክላዎችም ጠፍተው አልቀሩም። ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ ድምፁ ተሰብስቦና ጸድቶ፣ በፈረንሳይ በሚታተመው ኢትዮጲክስ የተባለ የሙዚቃ ስብስብ 27ኛ ቅጽ ሆኖ ለአድማጭ ቀርቧል። በመርፌው ጩኸት መካከል የሚንጃሩ ሰው ዛሬም ይሰማል። የሾሟቸውም የሻሯቸውም አልፈዋል፤ ማሲንቆው ግን እንደተቃኘ ነው።

ተሰማ ድምፃቸው የተረፈው ለመኪና ትምህርት ባሕር ስለተሻገሩ ነው። በእርሳቸው ዘመን ከእርሳቸው የማያንሱ ስንት የአውድማ ገጣሚዎች፣ ስንት አልቃሾች፣ ስንት የደቦ አውጪዎች ከነስንኛቸው አፈር ገብተዋል። ዛሬ በርሊን መሄድ አያስፈልግም። በአብዛኛው ቤት አንድ የእጅ ስልክ አለ፤ ድምፅም ይቀርጻል። በዚህ መኸር አጨዳው ላይ ሲዘፈን፣ አዛውንቱ በሠርግ ቤት ስንኝ ሲጥሉ፣ እናት በለቅሶ ቤት ሲያንጎራጉሩ ፈቃዳቸውን ጠይቆ መቅረጽ፣ ቀጥሎም ወርቁ ምን እንደሆነ ጠይቆ ከድምፁ ጋር ማስቀመጥ ይቻላል። ወርቁን የሚፈታው ሰው አብሮን እስካለ ድረስ ነው የሚጠየቀው።